የእቴቴ የውሃ ተራ

መንግሥት ለአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ድጋፍ ሊሰጥ ነው ሲባል መጀመሪያ ላይ ማንም ከልቡ አላመነም። «ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ» ነበር ወሬው። ኋላ ግን የፕላስቲኩ ጥቅል፣ ብረቱ፣ ጥቁሩ የውሃ ታንከርና ከነካርቶኑ ያለው የውሃ መሳቢያ ሞተር በመኪና ተጭኖ ሲደርስ፣ ሲያሾፍ የከረመው ሁሉ አንገቱን አስግጎ መንገድ ዳር ተኮለኮለ።

ድጋፉን ለማማት አይደለም ይህን የምጽፍላችሁ። ድሮ በበጋ ቲማቲም የምናየው ከሩቅ ተጭኖ፣ ተጨፍልቆ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሲመጣ ነበር። ዛሬ ከኛው ማሳ በሣጥን ተደርድሮ ይወጣል። ከተማ ወርደው የቀን ሥራ ሲያሳድዱ የነበሩ ጎልማሶች ተመልሰው ችግኝ ያፈላሉ። መልካሙን መልካም ማለት ያባት ነው። ግን በመልካሙ መሃል አንዲት ነገር ተሠርታለች፤ ሳስባት እስከ ዛሬ ፊቴን ያሞቀኛል፣ የሠራኋት እኔ ሳልሆን።

ደንቡ እንዲህ ነበር። በአንድ ቦይ ከሚያጠጡት መሃል አንድ ሰው ይመረጣል፤ እሱ በፕላስቲክ ቤት ቲማቲም ያለማል፤ ሌላው እያየ ይማርና በሚቀጥለው ዙር ይገባል። በኛ ቦይ የተመረጠችው ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሟ እቴቴ ስለሚላት እኛም ሁላችን እቴቴ እንላታለን። ጥቅል ጎመን አብቃይ ናት። እናታቸው ስትሞት ወንድሟ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በሱ ምክንያት ትዳር አለፋት እያሉ የሚያዝኑላት አሉ። እሷ ግን ትስቃለች፤ «ትዳሩ መቼ አለፈኝ፣ አይቼው ነው ያለፍኩት!» ትላለች።

የግብርናው ባለሙያ ምርጫውን ሊያበስራት ሲመጣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሰማችው።

«ለወንድሜ ይሁንለት» አለችው።

«እናቴ፣ ለእርስዎ እኮ ነው የደረሰዎት።»

«አውቃለሁ። እሱ ልጆች አሉት። እኔ ይሄን ሁሉ ቱቦ ስከታተል ጎመኔ ይረሳኛል።»

ስትቀልድበት ይሆን ብሎ ተመለከታት፤ አልቀለደችም። ድጋፉ ለወንድሟ ተላለፈ። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞዴል ገበሬ ተባለ፤ ሠፈርተኛው አሳጠረና «ሞዴሉ» አደረገው።

የሁለቱ ማሳ ካባታቸው የወረሱት ነው። በአንድ ድንበር ይለያል፤ የሱ ከላይ፣ የሷ ከታች። ቦዩ መጀመሪያ ሽንኩርት በምታለማው ጎረቤታቸው ማሳ ያልፋል፣ ቀጥሎ በሞዴሉ፣ መጨረሻ እቴቴ ጋ ይደርሳል። ውሃው ጥቂት ስለሆነ በተራ ነው። የእቴቴ ተራ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐሙስ ጠዋት ከላይ ያለ ሰው እጁን ለመታጠብ እንኳ ቦዩ ውስጥ አይነክርም፤ እንደዚያ ነበር የኖርነው።

በዚያ ዓመት እቴቴ አንድ ተስፋ ነበራት። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ዋና ወጥ ሠሪ፣ ድምፅዋ ወፍራም የሆነች ሴት፣ ገበያ ላይ ጎመኗን ጨምቃ አይታ «አያያዝሽ ጥሩ ነው» አለቻት። «የዘንድሮው ጠንክሮ ከተጠቀለለ ከእንግዲህ ጎመን የምቀበለው ካንቺ ነው። ልል ከሆነ ግን እንዳታመጪብኝ፤ ስቆርጠው ንፋስ ነው የሚወጣው።» እቴቴ ጉልበቷን ያማታል። ከፀሐይ ጋር እየተፋጠጡ ገበያ መዋል ሊቀርላት ነው። ላገኘችው ሁሉ ነገረችው፤ ለወንድሟማ ደጋግማ።

ሞዴሉ ሰነፍ አልነበረም። ችግኙን እንደ ሕፃን ያዘው። ቲማቲሙ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ሲወጣ እኛ በፕላስቲኩ አሾልከን እያየን አፋችንን ይዘን እንመለስ ነበር። ብቻ የፕላስቲክ ቤት ይሞቃል፤ ቲማቲሙ ይጠማል፤ የሱ የውሃ ተራ አልበቃ አለ። ይሄኔ ባለሙያው በሞተር ሳይክል እየበረረ መጣ።

«ትልልቆቹ ሰዎች ሊጎበኙህ ነው። ታንከሩ ሞልቶ፣ ቲማቲሙ ቀልቶ ይጠብቃቸው። አደራህን፣ አደራህን፣ እንዳታሳፍረኝ!»

«ምን በወጣህ» አለ ሞዴሉ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሐሙስ ጠዋት እቴቴ የማሳዋ ታችኛው ጫፍ ላይ ስትኮተኩት፣ እሱ ቱቦውን ቦዩ ውስጥ ከሣሩ ሥር ሸጎጠና ሞተሩን አስነሣ።

ሚስቱ ከበር ብቅ አለች። «ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ?»

«ላንድ ጊዜ ነው።»

«እቴቴስ?»

«እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ!»

አልነገራትም። ትንሽ ቆይታ እቴቴ መኮትኮቻዋን ተሸክማ ወጣች። «ወንድሜ፣ ውሃው ምን ነካው? ጭራሽ ቀጥ አለ።»

«እኔ እንጃ።»

«ይሄ የሚጮኸውስ ምንድነው?»

«ሞተሩ ነዋ። ታንከር ውስጥ ያለውን ወደ ቲማቲሙ ነው የሚገፋው» አላት። እሷ ከማረሻና ከመኮትኮቻ በቀር ሌላ ዕቃ አታውቅም፤ አመነችው። እዚያ ላይ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። «ከላይ ዘግተውት ይሆናል» ብሎ ጨመረበት።

«ከላይ ማን አለ? ባለ ሽንኩርቷ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሌላ ማን አለ ታዲያ?»

ባለ ሽንኩርቷና እቴቴ ገበያ ላይ ባንድ ጃንጥላ ሥር የሚሸጡ፣ አንዷ ስታዛጋ ሌላዋ የምትመልስ ወዳጆች ናቸው። እቴቴ ቀሚሷን ሰብስባ ሽቅብ ወጣች። እኔ ባጥሩ በኩል እያለፍኩ ነበርና ሰማሁት።

«አንቺ! ሽንኩርትሽ የሰው ላብ ነው እንዴ የሚጠጣው?»

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ? ፀሐይ መትቶሽ ነው?»

«ሐሙስ የኔ ነው!»

«ሐሙስሽን ውሰጂዋ፣ ማን ነካብሽ?»

«ባትነኪውማ በደረሰኝ! ለካ ጃንጥላ የተጋራሁት ከሌባ ጋር ኖሯል!»

ባለ ሽንኩርቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ፕላስቲኩ ቤት ተመለከተች። አፏን መልሳ ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታ አረሟን ቀጠለች። እኔ ያን ጊዜ ጥፋተኛ ብትሆን ነው ዝም ያለችው አልኩ። እቴቴም እንደዚያው።

በሚቀጥለውም ሐሙስ ሞተሩ ጮኸ። ጎመን ሊጠቀለል ሲል ውሃ ካጣ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። የእቴቴ ጎመን ቅጠሉን እንደ ዝሆን ጆሮ ጣለ። ከጉድጓድ በባልዲ እየቀዳች፣ በዚያ ጉልበቷ እየተንፏቀቀች ማጠጣት ያዘች። ሞዴሉ በፕላስቲኩ ውስጥ ሆኖ ያያታል። ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ ያን ሰሞን በር በኩል መውጣት ትቶ በጓሮ ነበር የሚወጣው።

እንግዶቹ የመጡት በሦስተኛው ሐሙስ ነው። ታንከሩ ከዋዜማው ሞልቶ ስለነበር በዚያ ጠዋት ሞተሩ አልተነሣም፤ ውሃው ወደ እቴቴ ማሳ መውረድ ጀምሯል። «እሰይ፣ ዛሬስ መጣልኝ!» እያለች ቦዩን ከፍታ፣ ልብሷን ቀይራ ወንድሟ ቤት እንግዳ ልታስተናግድ ሄደች። ከጎረቤት ብርጭቆ ለምና ያጠበችው እሷ፤ ወንበር ያሰለፈችው እሷ።

መኪናዎቹ ደረሱ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቲማቲሙን እየነኩ «ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው» አሉ። ባለሙያው ላቡን እየጠረገ ፈገግ ይላል። ሞዴሉ ሣጥን ሙሉ ቲማቲም ታቅፎ ፎቶ ተነሣ። እኛም ጥግ ቆመን ኮራን፤ መኩራትስ አይከፋም።

ከፕላስቲኩ ቤት ሲወጡ ኃላፊው ድንበሩ ላይ ቆሙ። ወደ ታች አዩ።

«ይሄስ የማን ነው?»

ባለሙያው ፈጠን ብሎ «እሱ... ከፕሮግራሙ ውጪ ያለ ማሳ ነው» አለ።

«ጎሽ! ልዩነቱን የሚያሳይ ነገር ስፈልግ ነበር። እስቲ ድንበሩ ላይ ቁም፣ ቲማቲምህን እንደያዝክ። ከኋላህ ያ የጠወለገው ጎመን ይታይ።»

ሞዴሉ ቆመ። ፈገግ በል አሉት፤ ፈገግ አለ።

«ባለቤቱ ምን ሆኖ ነው? ድጋፉን አልፈልግም ብሎ ነው?»

እቴቴ የውሃ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ሞዴሉ አያት። ከዚያ ጫማውን አየ።

«እ... አዎ። እንደዚያ ነገር» አለ።

ልጆቼ፣ ሰው በቁሙ ሲያንስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ዕለት አየሁ። ሁላችንም ድጋፉ የማን እንደነበረ እናውቃለን። ማናችንም አልተነፈስንም።

የተነፈሰችው እሷው ናት። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፣ ጌታዬ» አለች። ወንድሟ አፉ ወለም ብሎት የተቸገረ መስሏት ልትደርስለት።

«ለምን እናቴ?» አሉ ኃላፊው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«እንግዲህ... አርጅቻለሁ። አዲስ ነገር አይገባኝም ብዬ ነው።»

«አየሽ፣ ፍርሃት ነው የሚጎዳን። ጎረቤትሽን እዪ። ለከርሞ እንዳታመነቺ።»

«እሺ ጌታዬ። አላመነታም። ውሃ ይጠጡ።»

ኃላፊው ውሃውን ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱላትና «ሞተሩንስ አናየውም?» አሉ። ባለሙያው ደስ ብሎት ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ጮኸ፤ እሱም በላዩ እየጮኸ ያብራራ ጀመር፤ «ይህ እንግዲህ ከቦዩ ውሃ ስቦ ታንከሩን ይሞላል፤ ከታንከሩ በራሱ ጊዜ ወደ ጠብታ ቱቦዎቹ ይወርዳል!»

እቴቴ ድንበሩ ላይ፣ ቦዩ አጠገብ ነበረች። እግሯ ሥር ሲንፎለፎል የነበረው ውሃ ቀጠነ። ክር አከለ። ቆመ። ጭቃው ላይ ትንሽ አረፋ ቀረ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀና ያለችው ወደ ወንድሟ አይደለም። ሽቅብ፣ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሞዴሉ ያን ጊዜ እውነቱን አውጥቶ ጮኸ ትሉ ይሆናል። አልጮኸም። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እቴቴ ቁጭ ብላ ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጠበች። አጠገቧ መጥቶ ተገተረ።

«እቴቴ...»

«እነዚህ የሰው ናቸው፤ እንዳይሰበሩ። ሳይመሽ መልሳቸው።»

«እቴቴ፣ እኔ እኮ ላንድ ጊዜ ብዬ...»

«መልሳቸው አልኩህ።»

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሽቅብ መንገዱን ያዘች። ብርጭቆዎቹን ትቶ ተከተላት። ከባለ ሽንኩርቷ አጥር ሲደርስ ግን እግሩ አልገባ አለው። ከቄጠማው አጥር ጀርባ ቆመ፤ ልክ እንደ ሌባ።

«ምን ልትጨምሪ መጣሽ ደግሞ?» አለች ባለ ሽንኩርቷ።

«ይቅርታ ልልሽ። ሌባ ያልኩሽ በሐሰት ነው።»

«እውነተኛውን አገኘሽው ታዲያ?»

ወንድሟ ካጥሩ ጀርባ ትንፋሹን ዋጠ።

«እሱን አትጠይቂኝ» አለች እቴቴ። «አንቺን የሰደበ አፍ የኔ ነው። ያንኑ አፌን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ተይ! ጆሮዬ ሽንኩርት የተተከለበት መሰለሽ? ሞተሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ስሰድብሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልሽ? ያሳደግሽውን ልጅ ካንደበቴ እንድትሰሚ? እኔ ስድቡ ይሻለኛል።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቶሎ ብላ ጠገነችው። «ነገ የኔ ተራ ነው። ሽንኩርቴ አንድ ቀን ቢጠማ አይሞትም። ውሃውን እለቅልሻለሁ፤ ጎመንሽን ድረሺለት። ደግሞ አታልቅሺብኝ፤ እዚህ ቤት የሚያስለቅስ ሽንኩርት ሞልቷል።»

ግባ፣ ጉልበቷን ሳም፣ ይለው ነበር አንድ ልቡ። ሳይገባ ተመለሰ። በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ውሃውን እየመሩ ባጠገቡ ሲወርዱ ፕላስቲኩ ቤት ውስጥ ነበር። ጥላቸውን በፕላስቲኩ ያያል፤ ላቡ ባይኑ ይወርዳል፤ እስኪያልፉ ድረስ ቲማቲሙ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሞተሩን አያስነሣም። እሷም ስለ ነገሩ አላነሣችበትም። ስታልፍ ሰላም ትለዋለች፤ የልጆቹን ደኅንነት ትጠይቀዋለች። በዚሁ ያልቃል ብሎ አሰበ። ያው ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው።

ጥቂት ቆይቶ ከተማው መግቢያ ላይ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተተከለ። ሞዴሉ ቲማቲሙን ታቅፎ ይስቃል፤ ከኋላው የእቴቴ ጎመን ተኝቷል። ከሱ በላይ «ከድጋፍ ጋር»፣ ከጎመኑ በላይ «ያለ ድጋፍ» ተብሎ በጉልህ ተጽፏል፤ «ባለቤቷ ድጋፉን እምቢ ብላ ነው» የሚል ወሬም ከተማውን ሞላው። ሞዴሉ እውነቱን ልንገራቸው ብሎ አንድ ቀን እስከ ግብርና ቢሮው በር ሄዶ ነበር። ባለሙያው በሰሌዳው ምክንያት ሹመት አግኝቶ፣ አቅፎ ሳመው። ሳይናገር ወጣ። ገበያተኛው «ሞዴሉ፣ አምሮብሃል!» ሲለው ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ይስባል። እቴቴ ሰሌዳውን መጀመሪያ ያየች ዕለት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና «ጥርስህ በደንብ ወጥቷል» ብላው አለፈች።

ጎመኑ ግማሹ ዳነ። ከዳነው ጠንካራ ጠንካራውን መርጣ በጆንያ ሞላችና ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ልትሄድ ተነሣች። «እኔ ልሸከምልሽ» አላት። «ተሸከም» አለችው። ሰሌዳው ሥር ሲያልፉ እሱ መሬት መሬት፣ እሷ ፊት ለፊት እያዩ ሄዱ።

ወጥ ሠሪዋ ቢላዋ እንደያዘች ወጣች። ከኋላዋ ረዳቶቿ ድንች ይልጣሉ። አንዱን ጎመን አንሥታ ጨመቀች፣ በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ለሁለት ሰነጠቀችው። «አነስ ይላል እንጂ ልል አይደለም። ለመሆኑ ማሳሽ የት ነው?»

«ከፕላስቲኩ ቤት በታች።»

ቢላዋው ቆመ። «ከፕላስቲኩ ቤት... ያ ሰሌዳው ላይ ያለው ማሳ ነው? ድጋፉን እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ረዳቶቹ ድንቹን ትተው ቀና አሉ።

«የኔ እናት፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች ወጥ ሠሪዋ። «ዛሬ ያመጣሽው ጥሩ ነው። ነገስ? ይሄን ሁሉ ተማሪ የማበላው እኔ ነኝ። እንደዚያ እስኪጠወልግ ማሳዋን የምትተውን ሰው አምኜ እንዴት እቀመጣለሁ?»

ሞዴሉ እህቱን አያት። አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አላትና። እቴቴ ግን አላየችውም። እጆቿን አጣምራ ወደ ድንቹ ልጣጭ እያየች ዝም አለች። መልሱ የሷ እንዳልሆነ ዝምታዋ ነገረው።

ጆንያውን ከትከሻው አወረደ።

«እምቢ አላለችም» አለ።

«ምን አልክ? ድስቱ ይንጫጫል፣ ጮክ በል!»

«እምቢ አላለችም! ድጋፉ የሷ ነበር፤ ልጆች አሉት ብላ ለኔ ሰጠችኝ። ማሳዋንም አልተወችም። በተራዋ ቀን ውሃዋን በሞተር ስቤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ሌላ ሰው ላይ አሳበብኩ። ፎቶውን ሲያነሡኝ ደግሞ... ሳቅኩ። ሰሌዳው ላይ የምስቀው እኔ ነኝ።»

ከረዳቶቹ አንዷ «አቤት!» አለችና አፏን ያዘች። ወጥ ሠሪዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ቀስ ብላ፣ ሥጋ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞረች።

«ይሄ ሰው ምንሽ ነው?»

እቴቴ ሻሿን ነካካች። ሞዴሉ በልቡ ባዳ ነው በይ፣ ተሸካሚ ነው በይ እያለ ይለምናት ነበር፤ እሱ ነው የነገረኝ።

«ያሳደግሁት ነው» አለች።

ወጥ ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀች። የተሰነጠቀውን ጎመን ለረዳቷ ወረወረችላት። «ሰኞ ሰኞ ጠዋት ታመጫለሽ። አንቺው ራስሽ እንዳትሸከሚ፣ ጉልበትሽን አይቼዋለሁ። ይሄ ይሸከም።» ወደሱም ሳታይ በቢላዋው ወደ ውስጥ አመለከተችው። «በል፣ ምን ይገትርሃል? ጥጉ ጋ አስገባው።»

ጆንያውን አነሣ። ድንች ላጮቹ መንገድ ሊለቁለት እግራቸውን ሰበሰቡ፤ እሱም ማንንም ሳያይ በመሃላቸው አለፈ።